ጎታው ሲጎድል የሚጠባ ዓመት

እማማ ጎታውን በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉት። ከወገብ በላይ ያለው የጭቃ ግድግዳ እንደ ከበሮ አስተጋባ። ጎንበስ ብለው ከሥሩ ሲመቱት ግን ድምፁ ታፈነ። «እስከዚህ አለ» አሉ፣ መዳፋቸውን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው። ክዳኑን አልከፈቱም። ጎታ የሚከፈተው ለመጨመር ወይም ለመቅዳት ነው እንጂ ለእንግዳ ለማሳየት አይደለም።

ጳጉሜ 3 ቀን ነው፣ ሩፋኤል። ያለነው ከዳባት ከተማ ወደ ቆላው ወረድ ያለ ዋልካ መሬት ላይ ነው። ልጆቹ የጠዋቱን ዝናብ ተጠምቀው ገብተው ምድጃው ዳር ተኮልኩለዋል፤ ፀጉራቸው ገና አልደረቀም። የመጣሁት ስላለፉት ዓመታት ልጠይቅ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ ስጀምር እማማ አቋረጡኝና ወደ ጎታው ወሰዱኝ። የሳቸው ወሬ የሚነሳው ከዚያ ነው።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ሽምብራ። ዘር ነው።»

«የበዓሉ ሽሮስ?»

«እሱንማ ከጎረቤት ተበደርሁ» አሉና ሳቁ። «የራሷን አስቀምጣ የሰው ትበደራለች ብለህ እንዳትገረም። ይሄ የእኔ አይደለም፤ የመሬቱ ነው።»

ከተማ ያደግን ሰዎች አዲስ ዓመትን የምናውቀው ከሞላ ቤት ጋር አያይዘን ነው። ዶሮው፣ ጠላው፣ ቄጤማው። በደጋው አገር ግን መስከረም የሚጠባው ጎታ ክፉኛ በጎደለበት ሰሞን ነው። በስሜን ተዳፋት ገብስ የሚዘራው በግንቦትና በሰኔ፣ የሚታጨደው በኅዳር ነው። ካምናው ምርት የተረፈው በሐምሌ ይሳሳል፣ በነሐሴ ይሟጠጣል፤ የእህል ዋጋም የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው። አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ስታለብሰው ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። ማሳው ለዓይን ጠግቧል፣ ቤቱ አልጠገበም። ድንች ቀድማ ከደረሰች ጥቂት ቀን ትደግፋለች። ባቄላው እሸት እስኪይዝ ድረስ ግን በዓሉ የሚዋለው በብድር፣ በጉርብትናና በዘዴ ነው።

በዚህ አገር የቅዱስ ዮሐንስን ምርቃት ልብ ብሎ የሰማን ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ቴሌቪዥኑ «የሰላም፣ የብልጽግናና የስኬት ዓመት» እያለ ይመኛል። ሽማግሌው ደግሞ እጁን ዘርግቶ «ለከርሞ ሰው ይበለን» ይላል። በቃ። ሀብት አልጠየቀም፣ ስኬት አልጠየቀም። በሚቀጥለው ዓመት ከሰው ቁጥር እንዳይወጣ ነው የለመነው። ከሱ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ጸሎት «የባሰ አታምጣ» ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ተስፋ የቆረጠ ሰው ንግግር ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። የሚለምነውን ነገር ልክ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው።

የባሰውን አይተውታላ።

ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ትግራይ ውስጥ ሲጀመር ደባርቅና ዳባት ከኋላ ነበሩ። በሐምሌ ወር ግን ግንባሩ ተከዜን ተሻግሮ ወደዚህ መጣ። ከማይጠብሪ ወደ አዲ አርቃይ፣ ከአዲ አርቃይ ወደ ዛሪማ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሊማሊሞ ነው። ሊማሊሞን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ቆርጠው ያወጡት፣ ከቆላው ወደ ደባርቅ ደጋ እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው። መኪና እንኳ በክረምት እያቃሰተ የሚወጣውን ያንን ዳገት ከአዲ አርቃይ በኩል የሸሸው ሕዝብ ልጅ አዝሎ ወጣው። የደባርቅ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች በክረምቱ ተፈናቃይ ሞላባቸው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከቆላ በነጠላ የመጣ ሰው በነሐሴ ሌሊት እዚያ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም። በዚያው ጊዜ በማይ ዓይኒና በዓዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞችም ሁለተኛ ስደት ገጠማቸው፤ ለነሱ በኋላ ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ላይ አዲስ መጠለያ ተሠራ።

ከዚያ ጭና መጣ። ጭና ተክለሃይማኖት በዳባት ወረዳ ያለ የገጠር ቀበሌ ነው። የትግራይ ኃይሎች ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚያ ቆይተዋል። ሲወጡ የተገኘውን ሬሳ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩ። የአካባቢው ባለሥልጣናት በወቅቱ የተናገሩት የሟች ቁጥር ከ120 በላይ ነበር፤ የትግራይ ኃይሎች በበኩላቸው ሲቪል ገደሉ መባሉን አስተባበሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ባወጣው ዘገባ በ15 የተለያዩ አጋጣሚዎች 26 ሲቪሎች ያለ ፍርድ መገደላቸውን ከምስክሮች አጣርቶ መዝግቧል። ቁጥሮቹ የሚለያዩት የተቆጠረው ነገር ስለሚለያይ ነው፤ አንደኛው የተቀበረውን ይቆጥራል፣ ሌላው ምስክር የተገኘለትን ግድያ። ስለ ጭና የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል፤ በአንዱ ቁጥር ሌላውን ለመምታት የሚሯሯጠውን ብዙ አይቻለሁና።

ነሐሴ 29 ከዋለ ልክ በሳምንቱ መስከረም 1 ነበር፤ ቅዳሜ። ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። ሒሳቡን የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፦ 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2014 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7514፣ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ካህናቱ እንደ ወጉ በባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን አወጁ። በዚያ ዓመት ግን ጾሙ መቼ እንደሚገባ የጨነቀው ሰው አልነበረም፤ ጾሙ ቀድሞ ገብቷል። ከተከዜ ማዶም ያ መስከረም የጠባው ያለ ባንክ፣ ያለ ስልክና ያለ መድኃኒት ነበር። በአንድ ወንዝ በዚህና በዚያ ዳር አንድ ዓይነት ባሕረ ሐሳብ ተነቦ፣ አንድ ዓይነት ባዶ ሌማት ቀረበ።

እማማ ያን ሰሞን የት ነበሩ? «ዳባት። ከዘመድ ቤት፣ አሥራ አንድ ሆነን አንድ ክፍል።» ሲወጡ ጎታውን ይዘው መውጣት አልቻሉም። ጎታ እቤት ውስጥ ይሠራል፣ እቤት ውስጥ ይደርቃል፣ በበር አይወጣም። ሲመለሱ አንገቱ ተሰብሮ አገኙት። ማን እንደሰበረው አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። የነገሩኝ ስለ በሬዎቹ ነው። ከሁለቱ አንዱ የለም። ገብሱ ተረግጧል፣ ግማሹ ግን ቆሟል። ባቄላው የለም።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«መስከረም ነበረ እኮ» አሉ፣ መልሱ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ።

ነገሩን ለማያውቅ ግልጽ አይደለም፤ ለኔም አልነበረም። ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ጭቃው እግር ይውጣል፣ ሞፈር አይነዳበትም። ዝናቡ ሲያባራ ግን ያን ውሃ ውስጡ ይዞ ይቀራል። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ያኔ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በመስከረም። ከዚያ በኋላ ጠብታ ዝናብ ባይመጣ እንኳ ሽምብራ በእርጥበቱ ብቻ አድጎ በጥርና በየካቲት ይሰበሰባል። ሥሩ ደግሞ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያስገባ ለሚቀጥለው እህል መሬቱን ያደልበዋል። ክረምቱ ያመለጠው ገበሬ ሁለተኛ በር አለው ማለት ነው፤ በሩ የሚከፈተውም ጎታ ባዶ በሚሆንበት፣ ዓመት በሚዞርበት በዚያው ሳምንት ነው።

ችግሩ ዘር ነው። ሽምብራ እንደሌላው ዘር አይደለም፤ ተቆልቶ ቆሎ፣ ተፈጭቶ ሽሮ ነው። ረሃብ ባለበት ቤት ለአንድ ወር የተቀመጠ ሽምብራ ማለት በየማታው ልጆች የሚያዩት ራት ማለት ነው። በ2014 መስከረም እማማ ዘሩን ያገኙት ከተረፈላት ጎረቤት ነው፣ በቁና ልክ፣ በምርት ሊመልሱ። በሬውን ደግሞ አንድ በሬ ከቀረው ሌላ ሰው ጋር አቀናጁ። መቀናጆ ይባላል፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በተራ ይሠሩበታል። ያ ሰው ከዚያ በፊት በድንበር የተጣሏቸው ሰው ነበር። «ታረቃችሁ?» ብላቸው፣ «እኛ አልታረቅንም፤ በሬዎቹ ናቸው የታረቁት» አሉኝ።

እንዲህ ዓይነት ነገር በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ሕዝቡ ዛሬም ድረስ «ክፉ ቀን» የሚለው ዘመን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን አራትና አምስት ዓመታት ነው። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች የተነሳው የከብት ወረርሽኝ፣ ገበሬው ደስታ በሽታ የሚለው፣ ከአገሪቱ ከብት ከ10ሩ 9ኙን ያህል ጨረሰ። በሬ ያጣው ገበሬ በዶማ ቆፈረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ ሆኑ። በላዩ ድርቁ፣ አንበጣው፣ አይጡ። ለጎንደርና ለስሜን ደግሞ ሌላም ነበረበት፤ ድርቡሽ በዚያው በ1880 ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሏል። ጦርነትና ረሃብ እዚህ አገር ተነጣጥለው የመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንዱ በሬውን ይወስዳል፣ ሌላው ያለ በሬ ያገኝሃል። ያ የከብት በሽታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። 120 ዓመት ገደማ ፈጀ። ድል ነው፤ ግን ማንም ርችት ሲተኩስለት አላየሁም።

ጳጉሜ 5 ቀን በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር ካምፕ ወጣሁ። ከደባርቅ ሲወጣ መንገዱ በገብስ ማሳ መካከል ያልፍና ወደ አስታው ይገባል። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ገደል፣ መሃሉ ከቀበሌ መንገድ ብዙ የማይሰፋ ትከሻ። ያን ቀን ጉሙ ሁለቱንም ገደል ሞልቶት የቆምኩበት ደሴት መሰለኝ። ጭላዳዎቹ ከጉሙ ውስጥ ወጥተው ሣር እየነጩ ሄዱ፤ የሣሩ ስርስርታ ከሩቅ ይሰማል። የጅንባር ፏፏቴም አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው ያለው።

ካምፑ ውስጥ አንድ ስካውት አገኘሁ። እኩያዬ ስለሆነ አንተ ተባባልን። ካኪ ካፖርቱን አገጩ ድረስ ቆልፎ፣ ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ፣ እሳት ላይ ጀበና ጥዷል።

ለስሜን ሰዎች መስከረም ሌላም ትርጉም አለው። ዝናቡ ሲያቆም ቱሪስት ይመጣል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ወቅት ለደባርቅ ሁለተኛ መኸሯ ነው። አንድ እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ የሚያከራይና በቅሎ የሚነዳ ሰው አብሮት ይወጣል፤ ሁሉም በተራ። ወረቀት ላይ ስም ይጻፋል፣ ተራ ሲደርስ ይጠራል። እንግዳ በሚበዛበት ዓመት ተራው ይሽከረከራል፤ እንግዳ ሲጠፋ ስሙ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ይከርማል።

«የኔ ስም እንኳ ደብዝዟል» አለኝ ስካውቱ። «እርሳስ ነበር።»

ዓመቶቹን ደርድርልኝ አልኩት። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ እሳቱ፤ ጓሳውና አስታው ሲነድ ለማጥፋት እሱም ቅጠል ይዞ ወጥቶ ነበር፣ በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ። በ2012 ኮሮና። በ2013 ጦርነቱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም «በቃ፣ ዘንድሮ» አለ፤ በዚያ ወቅት ጥቂት እንግዳም አየ። ዓመቱ ሳያልቅ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳና በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚያኑ ክረምት በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ቀረ። ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲሻገር ተወው። «ጣቴ ያልቃል።»

ፓርኩ ራሱ ክፉና ደግ ሲፈራረቅበት የኖረ ነው። በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ልክ ዓመቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2009፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደባርቅ ደስ ብሏት ነበር፣ ዋልያውም እየበዛ ነበር። አሁን ጥበቃው በላላባቸው ዓመታት አደኑ በርትቶ ዋልያው ከዚያን ጊዜው በእጅጉ አንሷል። በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ ዋልያ ያለበት ቦታ የለም። ስካውቱ ይህን ሲያነሳ ድምፁ ዝቅ አለ። «የሚያድነውን እኮ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች አሉት።» ቀጥሎ ምን እንደሚል ጠበቅሁት። ቡናውን አወረደ።

እኔ በበኩሌ ለዚህ መልስ የለኝም። ዋልያውን የሚበላ ሰው ዘሩን እንደሚበላ ሰው ነው ማለት ይቀላል፤ ሰውየው ዘር የሚያስቀምጥበት ጎታ እንዳለው ግን ማን ጠየቀ?

«ለዘንድሮውስ ምን ታስባለህ?»

«ስሜን በቢክ እንዲጽፉልኝ እነግራቸዋለሁ» አለ።

አዲሱን ዓመት ደባርቅ ዋልኩ። በዋዜማው ማታ በየደጁ ችቦ ተለኩሷል። በማግስቱ ሴት ልጆች አደይ ይዘው በየቤቱ እየዘፈኑ ገቡ፤ ወንዶቹ በቀለም የሳሉትን አበባና መላእክት ይዘው ዞሩ። አንዱ ልጅ የሰጠኝ ሥዕል ላይ መልአኩ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምቷል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጭቃ ነዋ!» አለኝ። ባረፍኩበት ቤት ጎረቤት ሲገባ «እንኳን አደረሰዎ» ይላል፣ ባለቤቲቱም በጎንደርኛው «እንኳን አብሮ አደረሰነ» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ሁለቱም ጥቂት ዝም ይላሉ። ያንን ዝምታ በየቤቱ ሰማሁት። ያላደረሳቸውን የሚቆጥሩበት ይመስለኛል፤ እህል ውሃው የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

መስከረም 6 ቀን ወደ ጎንደር ስመለስ ዳባት ላይ ወረድኩና ወደ እማማ ቤት በእግሬ ሄድኩ። በሬዎቹ ወጥተዋል። ሁለቱ አሁን የራሳቸው ናቸው፣ ግን ያ የድንበር ባለጋራ ሰውዬ ከሞፈሩ ኋላ አለ፤ በሳቸው መሬት ላይ ጅራፉን እያስጮኸ ያርሳል። እማማ ልጃቸው ለሥራ ወደ ከተማ መሄዱን ነገሩኝና ስለ ሰውየው አንድም ቃል አልጨመሩም።

ጎታው ተከፍቷል። ከሥሩ ያለችውን ቀዳዳ የደፈነው ጭቃ ተነቅሎ ሽምብራው ወደ ስልቻ ሲወርድ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ልጆቹ ዙሪያውን ከበዋል፤ አንድም እጅ አልተዘረጋም። መጨረሻ ላይ እማማ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው አስገብተው ወለሉን ጠረጉና አንድ እፍኝ ይዘው ወጡ። ነፋ ነፋ አድርገው አመዱን አራገፉት። ወደ ስልቻው አዩ፣ ወደ ልጆቹ አዩ። ከዚያ ግማሹን ምጣዱ ላይ፣ ግማሹን ስልቻው ውስጥ ጣሉት።